ለካ ፈረንጅም ሐሜተኛ ነው

ሸዋገነት በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ዝምተኛ ናት ያላት ሰው ግን የለም። የምትኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ከሸማኔዎቹ ሰፈር ነው፤ የምታድረውም ጥጥ ፈትላ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኔ የምትለው ሰው አንድ ታናሽ ወንድሟ አጥናፉ ብቻ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። የራሷ ልጅ የላትም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት ከተገኘም «አጥናፉን የመሰለ እያለኝ» ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

እሱም አላሳፈራትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀና ለቀበሌያቸው ጣቢያ አስተማሪ ሆነ። ዘመኑ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ትናንት ንፍጡን ስትጠርግለት የኖረች ሴት ዛሬ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ሀ በሉ» ሲላት «ሀ» ልትል ነው። አለች እንጂ፤ ደስ ብሏት ነው ያለችው። ከጎኗም ጥጡንም ወሬውንም አብረዋት የሚፈትሉ ሦስት ጎረቤቶቿ ተደርድረዋል።

አንደኛዋ የዓለምወርቅ ናት፤ አፏ ሥራ ፈቶ የማያውቅ ሴት። እሷ ከጀመረች መስማት እንጂ መመለስ አይቻልም። ሁለተኛዋ አበራሽ፣ የሸማኔው የመሸሻ ሚስት፣ ነገሩን ሁሉ «ተባለ» ብላ ነው የምታወራው፤ ማን አለ ሲሏት «እንጃ፣ ብቻ ተባለ» ብላ ትዘጋዋለች። ሦስተኛዋ ጽጌረዳ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ሰው ስለምታፍር ስለ ብርዱና ስለ ደመናው አንድ ሁለት ቃል ትወረውርና ዝም ትላለች። አራቱ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ እንዝርታቸውን ማሾር ሲጀምሩ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሸጎሌ ስሙ ሳይነሳ የሚውል ሰው አልነበረም።

ፊደሉ አለቀ። ማንበብ ቻሉ፣ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፣ እልል ተባለ። እንግዲህ በቃን ማለት ሲገባቸው «አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ» ብለው አጥናፉን መውጫ መግቢያ አሳጡት። እሱ መቼም እህቱን እምቢ ማለት አይሆንለትም። ከጣቢያው ሲመለስ እዚያው ግድግዳ ሥር ድንጋይ ስቦ ይቀመጥና ያስተምራቸው ጀመር። ዶግ ማለት ውሻ፣ ካት ማለት ድመት አላቸው።

«ውሻና ድመቱን ምን ላድርገው?» አለች ሸዋገነት። «ይልቅ ሐሜት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

አጥናፉ ሳቀ። «ጎሲፕ።»

«ስም አላቸው እንዴ ለሐሜት? እነሱም?»

«ስም ብቻ፣ እትዬ? ስሙ መዓት ነው።»

ይህን ጊዜ እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። አጥናፉ ትምህርቱ እንዲህ ተወዶለት አያውቅምና እሱም ሞቅ አለው። ሰው በሌለበት የሰውን ጉድ መዘክዘክ ጎሲፕ ነው አላቸው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ወሬ ሩመር ነው። ያለ ፍሬ ነገር መለፍለፍ ቻተር ነው፤ ወፎች ዛፍ ላይ ሲንጫጩም ቻተር ይባላል። ሕፃን ልጅ አፉን ሲፈታ የሚያወራው ዓይነት ወሬ ፕራትል ነው። ስለ ዝናብና ስለ ብርድ፣ ዝም ላለማለት ብቻ የሚወራው ስሞል ቶክ ነው። ሚስጥር ሆዱ ውስጥ የማያድርለት ሰው ደግሞ ብላበር ይባላል።

ሸዋገነት በደስታ ፊቷ በራ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህች አፏ ስትወቀስ ነው የኖረችው። የነፍስ አባቷ ሐሜት ነፍስ ይገድላል እያሉ ስንት ስግደት አሰግደዋታል። ቀበሌው ደግሞ በየስብሰባው አሉባልታ የአድኃሪያን መሣሪያ ነው እያለ ሲያንጓጥጣት፣ በዓለም ላይ አፏን መያዝ ያቃታት እሷ ብቻ እየመሰላት ስታፍር ኖራለች። አሁን ግን ትልቅ የተባለው ሕዝብ፣ አውሮፕላን የሠራው፣ ለየሐሜቱ ዓይነት ለየብቻ ስም እስኪያወጣ ድረስ ሲያማ እንደኖረ ሰማች።

«ለካ ፈረንጅም ሐሜተኛ ነው» አለች፤ ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ። «እኔ ደግሞ ጉልበቴ እስኪላጥ ስሰግድ።»

ከዚያ በኋላ ስሞቹን ተከፋፈሏቸው። ሸዋገነት ጎሲፕ ሆነች፤ ጀማሪዋ እሷ ናትና። የዓለምወርቅ ያለ ክርክር ቻተር ተባለች። አበራሽ ሩመር፣ ጽጌረዳ ስሞል ቶክ። ፕራትል የሕፃን ነው ተብሎ ታለፈ። ብላበርን ግን ሁሉም ሸሹት፤ «እንዲህ ያለ ሰው እኛ ዘንድ የለም» ተባለና ያለ ባለቤት ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የተጠራች የለችም። ውኃ ሲቀዱ ጎሲፕ፣ እድር ቤት ሲሄዱ ሩመር፤ ባሎቻቸው እስኪሰለቻቸው ድረስ ተጠራሩበት። አጥናፉም እየሰማ ይስቅ ነበር እንጂ ተዉ አላላቸውም።

ማለት ነበረበት። ከዚያ ከክፉው ጊዜ፣ ወጣቱ በየመንገዱ ተገድሎ ከተጣለበት ጊዜ፣ ገና ብዙም አልተራቀም። በከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ልጆች እውነተኛ ስማቸውን ደብቀው በሕቡዕ ስም እንደሚጠራሩ ያልሰማ የለም። በዚያ ዘመን ሁለት ስም ያለው ሰው ሁለት ነፍስ ያስፈልገው ነበር። ሴቶቹ ይህን የሚያውቁ ናቸው፤ ግን ሰው የሌላውን አደጋ እንጂ የራሱን መቼ ያያል። እነሱ የሚያሙ ሴቶች ናቸው፤ የምታማን ሴት ማን ይጠረጥራል ብለው ተዝናኑ።

አንድ ረፋድ ላይ የቀበሌው ሱቅ ስኳር አመጣ። የዓለምወርቅ ቀድማ ሰልፍ ይዛለች። ጽጌረዳ ከኋላዋ ቆማለች። ሸዋገነት በወዲያኛው የመንገድ ዳር ስታልፍ ባየቻት ጊዜ የዓለምወርቅ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ ተጣራች።

«ጎሲፕ! ለሩመር ንገሪያት፤ ዕቃው ገብቷል። ስሞል ቶክ ቦታ ይዛልናለች። ቶሎ ድረሱ፣ ነገ ከሆነ አይገኝም።»

ሰልፉን የሚያስከብረው የአብዮት ጥበቃው ዱጉማ ነበር። ዱጉማ በመሠረቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠመንጃ ያሸከሙት ሰው እንደሚያደርገው ሁሉን ነገር ከጠመንጃው አንጻር ያያል እንጂ። የሰማውን አሰበው። ጎሲፕ፣ ሩመር፣ ስሞል ቶክ። ዕቃው ገብቷል። ነገ አይገኝም። ወደ የዓለምወርቅ ጠጋ ብሎ በለሰለሰ አንደበት ጠየቃት።

«ይሄ የምትጠሩት ምንድን ነው?»

የዓለምወርቅ ኩራት ኩራት አላት። መሃይም መስላ የምትታየው ሴት በእንግሊዝኛ ስትጠራ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ነው። «የእንግሊዝኛ ስማችን ነዋ። እኔ ቻተር ነኝ። አጥናፉ ነው ያወጣልን፤ አስተማሪው።»

እንግዲህ ያ ባለቤት አጥቶ የቀረው ብላበር የማን እንደሆነ ያኔ ታወቀ።

በማግስቱ ጠዋት አጥናፉን ከጣቢያው፣ ከተማሪዎቹ ፊት ወሰዱት። ወሬውን ያመጣችው አበራሽ ናት፤ ያን ዕለት ግን «ተባለ» አላለችም። «አየሁ» አለች። ቀበሌው ውስጥ ካለችው ክፍል ዘግተውበታል፣ ከምሳ በኋላ ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛ፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል አለች። ከቀበሌ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ይወጣል። ወደ ከፍተኛ የተሻገረ ሰው ግን ወሬው እንኳ አይመጣም፤ ይህን በዚያ ሰፈር የማያውቅ አልነበረም።

የዓለምወርቅ መሬት ላይ ተዘርፍጣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለች ፊቷን ትነጫለች። ሸዋገነት አየቻት። በዚያች ደቂቃ ምላሷን ከሥሩ ብትነቅልላት በወደደች፤ ግን ለመቆጣት ጊዜ የለም። ያ ልጅ በጀርባዋ ላይ ያደገ ነው። ጥርሱን ሲያወጣ ትከሻዋን ነክሷት ያለቀሰችውን ታስታውሳለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ማንንም ተከተይኝ አላለችም፤ ሦስቱ ግን ተከተሏት፤ ከቀበሌው በር ላይ ሲደርሱም አላስገባም ተባሉና ከአጥሩ ሥር ቀሩ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድሮ የአንድ ባለጸጋ ቪላ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለ መለኮት ይባላል። ስሙን ያወጡለት አባቱ ቄስ ነበሩ ይባላል፤ እሱ ግን መለኮት የሚባለውን ነገር በአፉም አያነሳም። በየስብሰባው ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ነው። ሸዋገነት ስትገባ ካኪ ኮቱን ለብሶ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ዱጉማ በሩ አጠገብ ቆሟል። ተቀመጪ ያላት የለም።

«ስምሽ?»

«ሸዋገነት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሱን አይደለም። ሌላኛውን።»

«ጎሲፕ» አለች።

ዱጉማ ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ የሌሎቹንም ጠየቃት፤ እሷም አንድ በአንድ ተናገረች። ሩመር ማለት ባለቤቱ የማይታወቅ ወሬ ነው፣ አበራሽ ማን እንዳለ ስለማትናገር ነው። ቻተር መለፍለፍ ነው። ስሞል ቶክ ጽጌረዳ ናት፣ ስለ ብርድ ብቻ ስለምታወራ። አጥናፉ ክፉ አላሰበም፤ ሐሜት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ማሰር ካለባችሁ እኔን እሰሩኝ አለች።

«ወንድምሽም ይህንኑ ነው ያለው» አለ ሊቀመንበሩ። «ቃል በቃል። ተማክራችሁበታል ማለት ነው።»

«እውነት ስለሆነ ነው እንጂ፣ ጌታዬ።»

«ጌታ የለም እዚህ።»

«ጓድ ሊቀመንበር። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ የሕቡዕ ሰው በስኳር ሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ ይጠራራል?»

ሊቀመንበሩ ወደ ዱጉማ ተመለከተ። ዱጉማ ወደ ጣሪያው። ነገሩ ለሊቀመንበሩም የገባው መሰለ፤ ግን መኪናው ተጠርቷል፣ ጠላት ያዝኩ ብሎም አስታውቋል። ከእንግዲህ ተሳስቻለሁ ለማለት በእጁ አንድ ነገር መያዝ ነበረበት። ሲጋራውን አቀጣጠለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

«ጥሩ። ሐሜተኞች ነን ነው የምትይው። እንግዲያው ሐሜታችሁን አሰሚኝ።»

«የማንን?»

«የኔን።»

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ያደገች ሴት ናት። በትንሹ ልጀምር አለች።

«ስኳር ሲታደል የዘመድዎ መስፈሪያ ይበልጣል ይባላል።»

«ይሄ በየስብሰባው ይነሳል። ሐሜት አይደለም፣ አስተያየት ነው። ሌላ።»

«ባለቤትዎ በቁመት ስለሚበልጡዎ አብረው አይሄዱም ይባላል።»

ዱጉማ ወደ በሩ ዞሮ ሳል ያዘው። ሊቀመንበሩ ጆሮው ቀላ፤ ግን አልተቆጣም።

«ይሄንንም ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ሐሜት ማለት ለኔ የማይነገር ነገር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው? እንግዲህ ጆሮዬ የማይሰማውን ንገሪኝ። ከሌለሽ ግን ስትሰበሰቡ የምታወሩት ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፤ ያኔ እንተዋወቃለን።»

ሸዋገነት ነበራት። መኖሩ ነው ያስጨነቃት። ይህን ነገር ተናግራ እሱ ከተቆጣ አጥናፉ ብቻ ሳይሆን አራቱም ሴቶች አብረው ይሄዳሉ። ዝም ካለች ደግሞ መኪናው ይመጣል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ማንበቡን ያስተማራት አጥናፉ ነው። ምሳ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የእሷም ነገር እንዲያ ሆነ።

«ዱጉማ ይውጣልኝ» አለች።

ሊቀመንበሩ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ። ዱጉማ እያመነታ ወጣና በሩ ተዘጋ።

«ልጅዎ አዲሳለም» አለች ሸዋገነት በዝግታ። «አፏን አልፈታችም። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐሜትም አይደለም፣ የእግዜር ሥራ ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጋቢ ተከናንበው፣ እሷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ እንጦጦ እንደሚወጡ እናውቃለን። በመኪና አይሄዱም፤ በባህር ዛፉ ውስጥ በእግርዎ ነው የሚወጡት። እንጦጦ ማርያም ጠበል ያስጠምቋታል። እርስዎም ከጀርባዋ ቆመው ይሰግዳሉ።»

ሊቀመንበሩ አልተንቀሳቀሰም። የሲጋራው አመድ ረዝሞ ኮቱ ላይ ወደቀ፤ አላራገፈውም። ሸዋገነት በሆዷ ማርያምን ጠራች።

«ማን ነው ያየኝ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወርዷል።

«የዓለምወርቅ። ለወገቧ ጠበል ስትጠመቅ።»

ያቺው የዓለምወርቅ ናት፤ ለሰልፈኛ ሁሉ ስሟን የምትዘራው። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፈነ። «መቼ?»

«ዓምና። በፍልሰታ ጾም።»

«ዓምና» አለ። «ከዓምና ጀምሮ ታውቃላችሁ። ለማን ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም።»

«እናንተ?»

ስድብ ነበር፤ ግን አልተቀየመችም፤ እውነቱን ነው። «እኛ» አለች። «ሕግ አለን፣ ጓድ ሊቀመንበር። የባልና የሚስቱን ጠብ፣ የስኳሩን፣ የቁመቱን፣ ይሄን ሁሉ እንበትነዋለን፤ አልዋሽዎትም። የልጅ ሕመም ግን እዚያው እንዝርቱ ሥር ይወራል እዚያው ይቀራል። ሕጉን ያወጣችው አበራሽ ናት፤ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ልጅ በሰው አፍ ሲገባ ይብስበታል ትላለች። ለባሎቻችን እንኳ አልነገርንም። አጥናፉም አያውቅም።»

ሊቀመንበሩ ተነሳና ወደ መስኮቱ ሄደ። ከመስኮቱ ሆኖ አጥሩ ሥር ተኮልኩለው የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ይታያሉ። የዓለምወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭናለች።

«ስለሱ ስታወሩ ምን ትላላችሁ?» አለ ፊቱን ሳይመልስ።

«ምን እንላለን። ለካ እሱም አባት ነው እንላለን። የዓለምወርቅ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ ስኳሩ እንመለሳለን።»

ሊቀመንበሩ ጀርባው ተንቀጠቀጠ። ሸዋገነት በመጀመሪያ በንዴት መስሏት ወደ በሩ አፈገፈገች። ሲዞር ግን ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። እሱም ከዓምና ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ በየቅዳሜው የሞት ሞቱን ነው የሚወጣው። ጠበል ቤት ታየ ቢባል ያ ከምሳ በኋላ የሚመጣው መኪና እሱን ራሱን የሚወስድ መኪና ነው። አንድ ሰው ቢያየኝ እያለ ሲባንን የኖረበትን ነገር አራት ሐሜተኛ ሴቶች በጉያቸው ይዘውለት ከርመዋል። ወንበሩ ላይ ዝርግት አለ፤ እጁን በፊቱ ላይ አሻሸ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ዱጉማ» ብሎ ተጣራ።

ዱጉማ በሩን ከፈተ።

«ልጁን ልቀቀው።»

«ጓድ፣ መኪናው ሊደርስ ነው እኮ።»

«ሲደርስ እኔ አነጋግረዋለሁ። ሴቶቹ ሐሜተኞች ናቸው፤ ራሴ አጣርቻለሁ።»

«ምን አሉ?» አለ ዱጉማ፤ ጠመንጃውን ረስቶ እንደ ሰው ጓጉቶ።

«ለአንተ አይነገርም። ሂድ።»

አጥናፉ ሲመጣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ቀበቶውንና የጫማውን ክር ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዟል። ከንፈሩ ትንሽ አብጧል። ሌላ የጎደለው የለም። ሸዋገነት እንደ ሕፃን ልጅ ራሱን፣ ጆሮውን፣ ክንዱን ዳበሰችው። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ጮክ ብላ፣ በዚያ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው በሚባልበት ክፍል ውስጥ፤ ሊቀመንበሩም እንዳልሰማ ሆነ። እንባዋ መጣ፤ ደስታ ነው፤ ይምጣ ብላ ተወችው።

«እትዬ፣ ቆሜያለሁ እኮ፤ ምን ያስለቅስሻል» አለ አጥናፉ።

«ዝም በል አንተ። እንግሊዝኛህን ይዘህ።»

ሊወጡ ሲሉ ሊቀመንበሩ ከኋላቸው መጣ። አጥናፉን ወደፊት አሳልፎ ሸዋገነትን በረንዳው ላይ አስቆማት። ግራና ቀኝ አየ። ከጠዋት ጀምሮ አንቺ እያለ ሲያፋጥጣት የነበረው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ሸዋገነት» አለ። «እርስዎ ሰው የሚያወራውን ሁሉ ይሰማሉ።»

«እንግዲህ ጆሮ አልነሳኝም።»

«ሰዉ ምን ይላል?» እንደገና ዞር ብሎ አየ። «ስለ ልጅቱ ማለቴ ነው። ትናገራለች ይላሉ?»

ሸዋገነት አፏን ከፈተችና ምንም አልወጣት አለ። በዕድሜዋ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ይህን ያለ አንድም ሰው የለም። አፏን የማትፈታ ልጅ ናት ይላሉ፤ ምስኪን ይላሉ፤ ከዚያ ያለፈ የተናገረ ሰው አልሰማችም። ግን ይሄ ሰው፣ ያ ሁሉ ኮትና ያ ሁሉ ስብሰባ ያለው ሰው፣ አንድ ቃል ሊለምናት በረንዳ ላይ ቆሟል። አሳዘናት። ለወንድሟ የፈራችውን ፍርሃት በእሱ ፊት ላይ አየችው።

«ይላሉ» አለች። «ትናገራለች ነው የሚባለው። ሁሉም ነው የሚለው።»

«እውነት?»

«ይሙት አጥናፉ።»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ክው አለች። አሁን በአፏ ከሞት ያወጣችውን ልጅ በሐሰት ማለችበት። ሊቀመንበሩ ግን ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ።

ከአጥሩ ውጭ ሦስቱ ሴቶች አጥናፉን ከበው እያገላበጡ ይስሙታል። የዓለምወርቅ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል እሱ ያዛት፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ጽጌረዳ ስለ ብርዱ እንኳ መናገር ረስታ እንባዋን ትጠርጋለች። ሰፈሩ ገና ከሩቅ ወሬውን ሰምቶ በየበሩ ወጥቷል። ሸዋገነት ግን ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፤ ልቧ ሌላ ጋ ነው። የማለችበት ነገር ሐሰት ሆኖ ማደር የለበትም። ሰዉ እንዲህ ይላል ብላ ምላለች፤ እንግዲያው ሰዉ እንዲህ ማለት አለበት፣ ያውም ሳይመሽ።

«ሰምታችኋል?» አለች ገና ግድግዳው ጋ ሳይደርሱ። «የሊቀመንበሩ ልጅ ትናገራለች ነው የሚባለው።»

«ማን አለ?» አለች የዓለምወርቅ እንባዋን ሳታብስ።

«ሰዉ። ሁሉም ሰው። ይቺ ደግሞ የጤና ወሬ ናት፣ የሕመም አይደለችም፤ ይቺ ትውጣ። በሉ ተነሱ።»

ተነሱም። የዓለምወርቅ ወደ ገበያው ወረደች። አበራሽ በሸማኔዎቹ ቤት፣ እግራቸውን ሰደው በሚሸምኑበት በየጉድጓዱ፣ እየዞረች አወራች። ጽጌረዳ እንኳ ውኃ መቅጃው ላይ ስለ ብርዱ ከተናገረች በኋላ ዝም ማለት ሲገባት ቀጠለች። ሸዋገነት ራሷ አጥናፉን አብልታ፣ ከንፈሩን በሞቀ ውኃ አጥባ ካስተኛችው በኋላ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት አንድም በር አላስቀረችም።

ዓሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ወሬው በዱጉማ አፍ ተመልሶ ቀበሌ ገባ። ዱጉማ እንደ ወትሮው ቆሞ «ጓድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልጅዎ ትናገራለች እያለ ነው» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሊቀመንበሩ ከየት የመጣ ወሬ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ እንደገና ንገረኝ አለው ይባላል።